ቴፑን አውርዶ ስልክን ማስገባት፦ የአንድ አሮጌ ኮሮላ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች ዘጠነኛው ትውልድ ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፣ በሊብሬዋ ታሪክ መሠረት እኔ ሦስተኛ ባለቤቷ ነኝ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ የዓመቱን ምርመራም ያለ ጭቅጭቅ አልፋ ቦሎዋን ትወስዳለች። ከፋብሪካ አብሯት የመጣው፣ ካሴትና ሲዲ የሚያጫውተው ቴፕ ግን ዘመኑ አልፎበታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል። በየትራፊክ መብራቱ ከጎናችን የሚቆሙት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሰሌዳ የሚያህል ስክሪን ይዘው ሲመጡ ማየታችንም አልቀረም።

ስክሪኑ ራሱ አላጓጓኝም። የምፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስልክ ሲደወልልኝ እጄን ከመሪው ሳላነሳ መነጋገር፣ ካርታውን አንገቴን ወደ ጭኔ ሳልደፋ ማየት፣ በስልኬ ያለውንም ድምፅ በመኪናዋ ስፒከሮች መስማት። እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ እግረኛው ከየት እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ዓይንን ለአፍታም ማንሳት አያዋጣም።

ለሥራው ከወዲሁ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ከፋብሪካ የመጣ ሽቦ አይቆረጥም። የሚገጠመው ሁሉ በሶኬት ይገጠማል፤ ነገ ቢነቀል የድሮው ቴፕ ወደ ቦታው ተመልሶ መሥራት አለበት። ይህን ደንብ ያወጣሁት ብልኃተኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከዚህ በፊት በነበረችኝ መኪና ላይ የማንቂያ ደወል ሲገጠም ተቆርጦ የተጠማዘዘ ሽቦ ለሁለት ዓመት ስላሰቃየኝ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ወደ ትልቁ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቀላሎቹን መንገዶች ሞክሬ ልጨርስ ብዬ ሁለቱን ፈተሽሁ።

የመጀመሪያው በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰካው የኤፍ ኤም ማስተላለፊያ ነው። ስልኩ በብሉቱዝ ድምፁን ይሰጠዋል፤ እርሱ ደግሞ በትንሽ ኃይል መልሶ ያሠራጨዋል፤ የመኪናው ሬዲዮም እንደማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ችግሩ የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ሰማይ ጠባብ መሆኑ ነው። አሐዱ በ94.3፣ አዲስ ኤፍ ኤም በ96.3፣ ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ብስራት በ101.1፣ ሸገር በ102.1፣ አፍሮ በ105.3፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም በ107.8 ተደርድረዋል። ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ እስከ 88.5 ወርጄ በግቢያችን ውስጥ ጥሩ ድምፅ አገኘሁ፤ የቸርችልን ቁልቁለት ስወርድ ግን ሹክሹክታና ፉጨት ገባበት። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው የመጡት አሮጌ መኪናዎች ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ ባለቤቶቻቸው ሸገርን እንኳ ለመስማት ይቸገራሉ፤ ለእነርሱ ይህ መሣሪያ ከኔ ይልቅ የተመቸ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ቁልፉን ነቅዬ ከወረድሁ በኋላም የማስተላለፊያው ሰማያዊ መብራት አይጠፋም። የመኪናዋ ጠባይ ነው ብዬ አለፍሁት፤ ባለቤቴማ ውስጥ ሆና ስትጠብቀኝ ስልኳን ቻርጅ ስለምታደርግበት እንደ በጎ ነገር ነው የምታየው።

ሁለተኛው ሙከራ የካሴት ቅርፅ ያለው ማገናኛ ነበር። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ መግነጢሳዊ ራስ ከቴፑ ራስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጥማ ድምፁን ታሳልፍለታለች። በእውነቱ ድምፁ ከኤፍ ኤሙ በብዙ ይሻላል፤ ካሴት የሚያጫውት መኪና ላለው ሰው ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው። ሆኖም የድሮው ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በስልኬ ላይ ስለሌለ ሌላ መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ ማይክ የለውም፤ ካርታም አያሳይም። ሁለቱንም ወደ መሳቢያ መለስኋቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሶማሌ ተራ ነበርሁ። በየሱቁ የሚያደናግረው ትልቁ ነገር «አንድሮይድ ነው» የሚለው ቃል ነው። አንድሮይድ ቴፕ ማለት በክሩስኮቱ ላይ የተለጠፈ ጡባዊ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ የራሱ አንጎል፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሱ መተግበሪያዎች አሉት። አንድሮይድ ኦቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በጉግል የወጣ ሌላ ነገር ነው፤ አፕል ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በ2014 ያወጣው ካርፕሌይ አቻው ነው። በእነዚህ በሁለቱ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ስልኩ ነው። ካርታውን የሚስለው፣ ጥሪውን የሚያስተናግደው፣ ዘፈኑን የሚከፍተው ስልኩ ሆኖ የተዘጋጀውን ምስል በገመድ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ ስክሪኑም ጣት የነካበትን ቦታ መልሶ ለስልኩ ይነግረዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ቢያረጅም ስልኩ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይታደሳል። ጡባዊው ግን የተሸጠ ቀን ማርጀት ይጀምራል፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የጊጋባይት ቁጥርም ውስጥ ካለው ጋር ላይስማማ ይችላል።

ይህን ካመዛዘንሁ በኋላ ባለ 10 ኢንቹን ትቼ ባለ 7 ኢንች፣ በገመድ ሁለቱንም የሚቀበል ተራ ቴፕ መረጥሁ። የኔ ስልክ አንድሮይድ ሲሆን የባለቤቴ አይፎን ስለሆነ አንዱን ብቻ የሚቀበል አይሆነንም ነበር። ሻጩ ትልቁን ሊያሳምነኝ ብዙ ደከመ፤ ትልቁ ስክሪን ከክሩስኮቱ ወጥቶ የአየር ማስተላለፊያውን አፍ በከፊል እንደሚጋርድ ሳሳየው ግን ሳቀና ተወው።

ልክን በተመለከተ ለቶዮታ ባለቤቶች የሚጠቅም ነገር አለ። በዓለም ላይ የተለመደው የድርብ ቴፕ መስኮት ወርዱ 180፣ ቁመቱ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶዮታ ግን ወርዱን 200 አድርጎታል። ስለዚህ ተራውን ቴፕ ሲገጥሙት በግራና በቀኝ የጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ለዚህ የሚሆኑ ሁለት የጎን ፕላስቲኮች ለብቻ ይሸጣሉ። እነርሱን ሳልገዛ ብመጣ ኖሮ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በካርቶንና በጥቁር ናስትሮ እሞላው ነበር። ባለ 10ና ባለ 6 እግር የቶዮታ መቀየሪያ ሶኬቶችንም አብሬ ገዛሁ፤ ደንቤን የሚጠብቁልኝ እነርሱ ናቸው።

ከሱቁ ከመውጣቴ በፊት ቴፑን በሻጩ ባትሪ ላይ አስነስቼ የኔን ስልክ በኔው ገመድ አገናኝቼ ሞከርሁት። ስልክህን አምጣ ሳይል በራሱ ስልክ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካለ መጠርጠር ደግ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ የዛሬውን ጽፌ የነገውን ገዢ ማሳሳት አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ምንም አልገጠምሁም፤ ቀኑን ሙሉ ያሳለፍሁት በመክፈትና በመለካት ነው።

በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ቶዮታ በኤርባግ አካባቢ ከመነካካት በፊት ባትሪው ከተፈታ ቢያንስ 90 ሴኮንድ እንዲጠበቅ ያዛል፤ እኔ ቡና ጠጥቼ ተመለስሁ። የቴፑ ዙሪያ ፕላስቲክ በክሊፕ ብቻ የተያዘ ስለሆነ ካቻቢቴ ሳይሆን ጨርቅ የተጠቀለለበት የፕላስቲክ ማንኪያ ይበቃዋል። ከሥሩ አራት ባለ 10 ብሎኖች አሉ። እነርሱ ሲፈቱ ቴፑ ከነብረቱ ተንሸራቶ ወጣ። ከሶኬቶቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሽቦዎቹ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለሉበት ቦታ አየሁ። ከፋብሪካው የጨርቅ ጥቅልል ይለያል፤ ግን ንጹሕና ጥብቅ ስለነበር የቀድሞ ሰው ጥገና ነው ብዬ ሳልከፍተው ቀረሁ።

አሁን ወደ ቀለሞቹ ልምጣ፤ ብዙ ቴፕ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነውና። በገበያ በሚሸጡት ቴፖች ቢጫው ቋሚ የባትሪ ኃይል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ ኃይል፣ ጥቁሩ ደግሞ ባለሙያዎቻችን ማሳ የሚሉት ኔጋቲቭ ነው። በቶዮታው በኩል ግን ቋሚው ኃይል ቢጫ መስመር ያለው ሰማያዊ፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ማሳው ቡናማ፣ የማታ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ቶዮታም ጥቁርና ቢጫ ሽቦ አለው፤ ሁለቱም ግን የግራ የኋላ ስፒከር ናቸው፤ ጥቁሩ ፖዘቲቩ፣ ቢጫው ኔጋቲቩ። ቀዩና ነጩ ደግሞ የቀኝ የኋላውን ይይዛሉ። እንግዲህ ቀለም ከቀለም እያገጣጠመ የሚያያይዝ ሰው የቴፑን የኃይል ሽቦዎች ከስፒከር ሽቦዎች ጋር ያገናኛል ማለት ነው። የመቀየሪያው ሶኬት ይህን ችግር ያስቀራል ቢባልም፣ በርካሽ የተሠራ መቀየሪያ ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል አንድ በአንድ በቴስተር አረጋገጥሁት።

ስፒከሮቹን የለየሁት በአንዲት የ1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ነው። ጫፎቿን በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ለአፍታ ሲነኩ ስፒከሩ «ጧ» ይላል፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ ከገጠመ ሽፋኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሦስቱ ደኅና ሲሆኑ የቀኝ የኋላው ዝም አለ። ሻንጣው በኩል ሄጄ ሳየው ሶኬቱ ከስፒከሩ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ስንት ዓመት በሦስት ስፒከር ስሰማ እንደኖርሁ እግዜር ይወቀው።

ከዚያም ባትሪውን መልሼ ኃይሉን ለካሁ። ሰማያዊ በቢጫው 12.4 ቮልት፤ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሬ ግራጫው ያው 12.4። ሁለቱም እንደሚጠበቀው ስለሆኑ ደስ ብሎኝ ጻፍኋቸው፤ ቁልፉን ነቅዬ ግራጫውን ሁለተኛ መለካት ግን አላሰብሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ማይኩን ለመዘርጋትና መገጣጠሚያዎቹን ስታኞ ለማድረግ (በቀለጠ ብረት ለማጣበቅ) የሠለጠነ እጅ ስለሚያስፈልግ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ግቢያችን ድረስ መጣልኝ። ፈጣንና ጠንቃቃ ልጅ ነው። የተከራከርነው በሁለት ነገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደንቤ ነበር። ከመቀየሪያው ሶኬት የሚወጡትን ሽቦዎች ከአዲሱ ቴፕ ሽቦዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ አገጣጥመን እንጨርስ ስለው፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከሚደክሙ የመኪናውን ሶኬት ቆርጬ በቀጥታ ላያይዘው፤ በ20 ደቂቃ ያልቃል» አለኝ። አልፈቀድሁም። በጠረጴዛ ላይ ስታኞ ተደርጎ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በሙቀት የሚኮማተር የላስቲክ ቱቦ ለብሶ ሲያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ሲጠናቀቅ ግን ራሱም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

ሁለተኛው የፍሬኑ ሽቦ ነው። እነዚህ ቴፖች የእጅ ፍሬን መያዙን የሚያውቁበት አንድ ቀጭን ሽቦ አላቸው፤ ፍሬኑ ካልተያዘ ቪዲዮ አያሳዩም። «ማሳ ላይ እናስረው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ። እውነቱን ነው፤ መሪ ጨብጦ ድራማ የሚያይ ሾፌር አጠገብ ተቀምጬ ያውቃለሁ። ሽቦውን ወደ እጅ ፍሬኑ ማብሪያ እንዲወስደው ጠየቅሁት፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ ወሰደው።

ማይኩን በመሪው አምድ ሽፋን ላይ አደረግነው። ከመስተዋቱ አጠገብ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ለአፌ የሚቀርበው የመሪው ነው፤ የፊት መስኮት ንፋስም አይደርስበትም። ሽቦውን ከኃይል ሽቦዎች በተቃራኒው ጎን አሳለፍነው፤ አብረው ከተጓዙ የዲናሞው ፉጨት በጥሪው ውስጥ ይሰማልና። አንቴናው ያለ ምንም መቀየሪያ ገባ።

ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሠራ። አራቱም ስፒከሮች ተናገሩ፤ ካርታው ተከፈተ። ቁልፉን ስነቅል ስክሪኑ አልጠፋም፤ አዳዲስ መኪናዎች ላይ በር እስኪከፈት የሚቆይ ስላለ እንደዚያ መስሎኝ፣ በድሮው ቴፕ እንደለመድሁት አዝራሩን ተጭኜ ስክሪኑን አጨለምሁትና በሬን ቆልፌ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን ባዞረው «ጠቅ፣ ጠቅ» ብቻ። ባትሪው ላይ 11.3 ቮልት ነበር። ከጎረቤት መኪና በኬብል ተበድሬ አስነሣሁና ሥራ ገባሁ። እሑድ መኪናዋን አልነካኋትም፤ በመካከሉ ያለፈው 37 ሰዓት ነው። ባለሙያው በስልክ «ባትሪው አርጅቶ ይሆናል» አለኝ። ሦስት ዓመት የሞላው ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ቴፕ በተቀየረ በሁለተኛው ቀን በአጋጣሚ አረጀ ማለት ግን አልተዋጠልኝም። እስከ ቅዳሜ ማታ ማታ ኔጋቲቩን እየፈታሁ ለማደር ወሰንሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

የዛሬውን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ቆማ ያለች መኪና የምትስበውን ኃይል ለመለካት ቴስተሩ በ10 አምፔር ቀዳዳው ተሰክቶ፣ በተፈታው የኔጋቲቭ ገመድና በባትሪው ምሰሶ መካከል ይገባል። በዚህ ሁኔታ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው፤ ቴስተሩ ወዲያው ይሄዳል። በሩ ክፍት ከሆነ የጣሪያው መብራት ስለሚቆጠር የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ተጭኜ እንደ ተዘጋ እንዲቆጥረው አደረግሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አንዲት ጤነኛ መኪና ቆማ ስታድር ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ብትስብ ደኅና ነው፤ የኔ 0.62 አምፔር አሳየች። በ37 ሰዓት ሲባዛ 23 አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል። ባትሪዬ አዲስ ሳለ 45 ነበር፤ ሦስት ዓመት የሠራ ባትሪ ግማሹን ካጣ በኋላ ሞተር አላስነሣም ቢል አይፈረድበትም።

ቫልቮላዎቹን (ፊውዞቹን) አንድ በአንድ እየነቀልሁ ቴስተሩን ተመለከትሁ። የጣሪያውን መብራትና የቴፑን ቋሚ ኃይል አብሮ የሚሸከመው ሲነቀል 0.62 ወደ 0.02 ወረደ። መልሼ ሰክቼ የቴፑን ሶኬት ብቻ ሳወጣ እንደዚሁ ወረደ። ስለዚህ የሚበላው ቴፑ ነው። ባለሙያው መጥቶ ይህን ሲያይ «ቴፑ ብልሹ ነው፤ ወደ ሱቁ ይመልሱት» አለ። ሳጥኑን ይዤ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ያልለካሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቁልፉ በኪሴ እያለ ቴስተሩን በግራጫው ሽቦ ላይ አደረግሁ፤ 12.3 ቮልት! ዜሮ መሆን ነበረበት።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቴፑ መብራትና መጥፋቱን በምን እንደሚያውቅ ማየት ያሻል። አዲሱ ቴፕ ሁለት ኃይል ይቀበላል። በቋሚው ሰዓቱንና የተቀመጡ ጣቢያዎቹን ያስታውሳል፤ የቁልፉ ኃይል ግን ለእርሱ የ«ንቃ» ትእዛዝ ነው። ያ ኃይል እስካለ ድረስ ስክሪኑን ብናጨልመውም ውስጡ አይተኛም። የድሮው ቴፕ እንዲህ አልነበረም፤ አዝራሩ ሲጫን በእርግጥ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በግራጫው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ቢኖርም ማንም አላወቀም።

ወዲያው የማስተላለፊያው ሰማያዊ መብራት ታወሰኝ። የሲጋራ መለኮሻውም በዚያው በቁልፍ በሚመጣው ኃይል የሚሠራ ነው፤ ቁልፍ ተነቅሎ መብራቱ ሊቀጥል አይገባም ነበር። ምልክቱን ለሳምንታት እያየሁ «ጠባይዋ ነው» ስል ከርሜያለሁ፤ ባለሙያውን ስለ ፍሬን ሽቦ የገሠጽሁት ሰውዬ እኔው ነኝ።

ያን ንጹሕ ጥቁር ናስትሮ ፈታነው። ከሥሩ የሰማያዊ በቢጫውና የግራጫው ሽቦ ልጣጭ የጥፍር ያህል ተልጧል፤ በሁለቱ መካከል አጭር ቀይ ሽቦ ተጠማዝዞ ታስሯል። ከኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች አንዱ ቁልፍ ሳይከት ሬዲዮ መስማት ፈልጎ ቋሚውን ኃይል ከቁልፉ ኃይል ጋር አጋብቶታል። በካሴቱ ዘመን ምንም ያልጎዳ ብልኃት ነበር። ባለሙያው ቀዩን ሽቦ በፒንሳ ይዞ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ አይቆረጥም ያሉት ሽቦ እኮ ድሮ ተልጦ ኖሯል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀዩ ወጣ። የተላጠውን ቦታ በናስትሮ ብቻ መሸፈን ይቻል ነበር፤ ሙቀት ሲበዛ ግን ሙጫው ይለቃል። ቱቦ ለማልበስ ደግሞ የሽቦው ጫፍ ያስፈልጋል። ልጁ በቀጭን መርፌ የሶኬቱን ምላስ ተጭኖ ሁለቱን እግሮች ከነሽቦዎቻቸው አወጣቸው፤ የላስቲክ ቱቦውን አጥልቆ፣ አሙቆ፣ እግሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ አለቀ። ሁለተኛ ስንለካ ቴፑ ከነሶኬቱ ተሰክቶ 0.03 አምፔር፤ ግራጫው ቁልፍ ሲነቀል ዜሮ። ስክሪኑም ቁልፉን ተከትሎ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አጭር ማስታወሻ ስለ ገመድ። ባለቤቴ በመንገድ ላይ የገዛችውን ገመድ ስትሰካ ስልኳ ቻርጅ ያደርጋል፤ ካርፕሌዩ ግን አይመጣም። ዩኤስቢ ገመድ ውስጥ በትንሹ አራት ሽቦ ይኖራል፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ለቻርጅ ብቻ የተሠራው ገመድ የመረጃዎቹን ሁለቱን አይዝም። እኔም ስልኩን በዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ ለመደበቅ ብዬ ባለ ሁለት ሜትር ማራዘሚያ ዘርግቼ ነበር፤ መኪናዋ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ይቋረጣል። ጉግል ራሱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ገመድ ያለ ማራዘሚያ እንዲሆን ይመክራል። ማራዘሚያውን አውጥቼ ስልኩ ከማርሹ ፊት ባለችው ጎድጓዳ ቦታ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ካርታው ቦታውን የሚያውቀው በስልኩ ጂፒኤስ ስለሆነ ይህ ለርሱም ይሻላል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና ወርጄ፣ በለገሃር ሜክሲኮ ደርሼ፣ በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ መጣሁ። ጥሪው ጥርት ያለ ነው፤ ያነጋገርሁት ወንድሜ መኪና ውስጥ መሆኔን አላወቀም። የካርታው ድምፅ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቸርችልን አሳምሮ ጠርቶ «ተክለሃይማኖት» ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል። የኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድ ስለለዋወጠ ፒያሳ ላይ ከካርታው ይልቅ ዓይኔን አመንሁ። ከመስቀል አደባባይ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ስገባ ቀስቱ ቆመ፤ ሳተላይት ከማይታይበት ቦታ ሌላ አይጠበቅም።

ሁለት ነገር መዝግቤያለሁ። በብሉቱዝ ብቻ ሳገናኘው የዘፈኖቹ የአማርኛ ርእስ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ቴፑ የግዕዝ ፊደል የለውምና። በገመድ ሲሆን ግን ፊደሉን የሚስለው ስልኩ ስለሆነ ርእሱ ሁሉ ተስተካክሎ ይነበባል። ገመዱን ለመምረጤ ይህ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ሁለተኛው፣ የስልኬ የድምፅ ረዳት አማርኛ አይሰማም፤ ስሞቹን በሙሉ በግዕዝ ስለመዘገብሁ «ለእትዬ ደውል» የሚለውን በምንም ቋንቋ ላስረዳው አልቻልሁም። አዘውትሬ የምደውልላቸውን አምስት ሰዎች በላቲን ፊደል ዳግም መዘገብኋቸው። እናቴ አሁን በስልኬ ውስጥ በሁለት ፊደል ትኖራለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ባትሪው ለ11 ቀናት ሳይፈታ አድሮ ዛሬ ጠዋት 12.5 ቮልት አሳየ። ሥራው አልቋል ብዬ ማስታወሻውን ልዘጋ ስል ባለቤቴ ደወለች። ሐኪም ቤት በር ላይ መኪና ውስጥ ሆና እኅቷን እየጠበቀች ነው፤ «ቁልፉን ይዘኸው ሄደህ ስልኬ ሊዘጋ ነው፤ ይሄ ሶኬት ድሮ ያለ ቁልፍ ይሠራ አልነበር እንዴ? ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ስለ ቀዩ ሽቦ ላስረዳት ሞከርሁ፤ አልሰማችም፤ ልክም ናት። ለቅዳሜ የራሱ ባለ 5 አምፔር ቫልቮላና ማብሪያ ማጥፊያ ያለው፣ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ የዩኤስቢ ሶኬት ለመግጠም ዕቃውን ዝርዝር ጽፌያለሁ።